ቀረሶ ከመግባቱ በፊትና በኋላ፦ የሐይቅ እስጢፋኖስ ዓሣ ታሪክ

ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚጓዝ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ሁለት ነገር ይታወሰዋል፤ ገዳሙና ዓሣ ጥብሱ። ስለ ገዳሙ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተነግሯል። ስለ ዓሣው ግን የምንሰማው ቁርጥራጭ ወሬ ነው። አንዱ «ድሮ ዓሣው ትልልቅ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ውኃው መስታወት ይመስል ነበር» ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ «መንግሥት ነው ያስገባው» ይላል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ታሪክ ነው፤ በቅደም ተከተል የሚነግራቸው ግን እምብዛም አልተገኘም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንወቅ። ዛሬ ተጠብሶ የሚቀርበው ቀረሶ በዚህ ሐይቅ ውስጥ መኖር ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ቢሆነው ነው። ገበታ ላይ ከሚቀመጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ በዕድሜ ይበልጡታል። የዚህ ውኃ የዓሣ ታሪክ ረጅሙ ክፍል ቀረሶ የሌለበት ነው።

እስከ 1240 ዓ.ም.፦ መውጫ የሌለው ውኃ

ሐይቁ ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ዛሬ ተሁለደሬ በሚባለው ወረዳ፣ ከአምባሰል ተራሮች በታች ተኝቷል። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከመቶ እጥፍ በላይ ይሰፋዋል፤ በጥልቀት ግን ጣና 14 ሜትር ገደማ ላይ ሲያበቃ ሐይቅ ከ80 ሜትር ያልፋል። ጠባብና ጥልቅ ውኃ ነው። ይህ ጠባይ ኋላ ላይ ለሚሆነው ነገር ሁሉ ዋና ምክንያት ስለሚሆን አንባቢ እዚህ ላይ ልብ ይበል፦ ጥልቅ ውኃ ከላይ እስከ ታች እንደ ልቡ አይደባለቅም፤ ዓሣ የሚኖርበት፣ ብርሃንና አየር የሚያገኘው የላይኛው ንብር ብቻ ነው። ከ80 ሜትሩ ውስጥ አብዛኛው ለዓሣ ባዶ ቤት ነው።

ሌላው ጠባዩ ዝግነቱ ነው። ከበላዩ ካለው ከአርዲቦ ሐይቅ ውኃ ይወርድለታል፤ ከእርሱ ግን ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። ከዓባይም ከአዋሽም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ስለሌለ በሌሎቹ ወንዞቻችን የሚርመሰመሱት የዓሣ ዘሮች እዚህ አልደረሱም። የጥንት ነዋሪዎቹ አምባዛና ሳይንቲስቶች ጋራ የሚሏት፣ ከጣት ብዙም የማትበልጥ ዓሣ ነበሩ። ጣና ውስጥ ብቻ የተፈጠሩ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች 15 ያህል መሆናቸውን ላሰበ ሰው ሐይቅ በዓሣ ረገድ ድኃ ነበር ማለት ይቻላል። ድኅነቱ ግን የራሱ ሚዛን ነበረው፤ ውኃ ላይ ተንሳፋፊ ጥቃቅን ተክሎችን በብዛት የሚበላ ዓሣ ስላልነበረ ያ ሥራ የጥቃቅን እንስሳት ነበር።

ዳርቻው ግን ባዶ አልነበረም። ሔንሪ ላምና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር፣ ከሐይቅና ከአርዲቦ ሥር ያወጡትን ደለል መርምረው እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት በውስጡ የተቀበረውን የአበባ ዱቄት እያነበበ የ3000 ዓመት ታሪክ ይነግረናል። ዝግባና ጽድ የነበረበት ደን ከክርስቶስ ልደት 500 ዓመት ገደማ በፊት ተመንጥሮ ቁጥቋጦና ሣር ተተካ። ከ15ኛው እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ጽዱ ተመልሶ አገገመ፤ ባለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ደግሞ እንደገና ተመነጠረ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ አሁን ጠፋ» የሚለው ቀላል አነጋገር እዚህ አይሠራም። ሰውና ደን ሲገፋፉ የኖሩበት አገር ነው።

ስለ ሐይቁ አፈጣጠር ሕዝቡ የራሱ ትረካ አለው። አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት በአንዲት ልዕልት ተበደለች፤ እግዚአብሔር ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው፤ እርሷ የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ደሴት ሆኖ ቀረ ይላል።

ከ1240 እስከ 1520 ዓ.ም.፦ ገዳሙና ያልተፈለገው ዓሣ

በዚያ ደሴት ላይ ቤተ ክርስቲያን ቀደም ሲል እንደነበር ትውፊት ይናገራል። ቦታው የአገር መዘውር የሆነው ግን አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በ1240 ዓ.ም. ገደማ ገዳሙን ካቋቋሙ ወዲህ ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከዚያ ተምረው እንደ ወጡ፣ በ1262 ዓ.ም. ገደማ ዙፋን የያዘው ይኩኖ አምላክም ከገዳሙ ጋር የጠበቀ ትስስር እንደነበረው ትውፊቱ ይተርካል። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት «ዐቃቤ ሰዓት» በሚል ማዕረግ ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ሰዎች አንዱ ሆነ። አባ ኢየሱስ ሞዐ ያስጻፉት የአራቱ ወንጌላት ብራና ዛሬም በገዳሙ አለ።

እንዲህ ያለ ታላቅ ገዳም በውኃ ተከቦ ሲኖር ዓሣ አጥማጅነት ባጠገቡ ያብባል ብሎ መጠበቅ ይቻላል። በሌሎች አገሮች የሐይቅና የባሕር ዳር ገዳማት ለጾም ሲሉ የዓሣ ኩሬ ሳይቀር ቆፍረዋል። እዚህ ግን የዚያ ዓይነት ነገር ጎልቶ አይታይም። አንዱ ምክንያት ሥርዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት አትብሉ ይላል። ቤተ ክርስቲያናችን ይህን ሕግ ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናት ይልቅ አጥብቃ ስለያዘች ብዙ ምእመን እስከ ዛሬ አምባዛን አይነካም። አምባዛ ደግሞ ቆዳው ልሙጥ ነው፣ ቅርፊት የለውም። የሐይቁ ዋና ዓሣ በባለቤቶቹ ማዕድ ላይ ቦታ ያልነበረው ዓሣ ሆነ ማለት ነው። በዙሪያው ያለው የወሎ ሙስሊም በሃይማኖቱ ባይከለከልም የኑሮው መሠረት እርሻና ከብት ስለሆነ ወደ ውኃው የሚገፋው ነገር ብዙ አልነበረም።

አንድ ሰው ግን ቀመሰው። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ድረስ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በአገራችን የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስለዚህ ሐይቅ ጽፏል። በውኃው ውስጥ ጉማሬ መኖሩን ይናገራል፤ ሐይቁን ዛሬ የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ መገረሙ አይቀርም። ከዚያ ስለ አንድ ዓሣ ያወራል፤ በጣም ትልቅ፣ አካሉ ልሙጥ፣ ጭንቅላቱ የእንቁራሪት የሚመስልና ለማየት የሚያስቀይም ነገር ግን በስብና በጣዕም አቻ የሌለው። ይህ አምባዛ ለመሆኑ አልጠራጠርም። የአልቫሬዝ ገለጻ የሚያሳየን ትልቅ የሆነ፣ ማለትም ሳይጠመድ ያረጀ ዓሣ ነው። በመረብ የሚታደን ዓሣ እንዲህ አይተልቅም።

ከ1524 እስከ 1930 ዓ.ም.፦ ጦርነት፣ ውኃውና መንገዱ

በ1524 ዓ.ም. ገደማ የኢማም አሕመድ ሠራዊት ሐይቅ ደረሰ። ደሴት ገዳሙን እስከዚያ ድረስ የጠበቀው ውኃው ነበር። የዘመቻውን ታሪክ የጻፈው አረብ ፈቂህ እንደሚተርከው ኢማሙ መሻገሪያ አሠርቶ ሲዘጋጅ መነኮሳቱ የገዳሙን ሀብት አስረክበው ቤተ ክርስቲያኑን አተረፉ። ከዚያ በኋላ ሐይቅ እንደ ቀድሞው የአገር መዘውር አልሆነም።

ለዓሣው ታሪክ ሦስቱ መቶ ዓመታት ጸጥ ያሉ ናቸው። ውኃው ግን ባለበት አልቆመም። ዛሬ ደሴቱ ደሴትነቱን አጥቷል፤ ውኃው በመሸሹ ከየብስ ጋር ተያይዞ ጎብኚ በእግሩ የሚገባበት ልሳነ ምድር ሆኗል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ከዝናብና ከትነት ሒሳብ ውጭ ሌላ ጌታ የለውም፤ ዝናቡ ሲያንስ ወይም ከላይ የሚወርደው ውኃ ሲጠለፍ ዳርቻው ወዲያው ይሸሻል። ዳርቻው ደግሞ ዓሣ የሚራባበት ቦታ ነው።

ለውጡን ያመጣው መንገድ ነው። ኢጣሊያ በወረራዋ ዘመን ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል ወደ አሥመራ የሚያልፈውን የመኪና መንገድ ሠራች፤ መንገዱም በሐይቅ ከተማ በኩል አለፈ። ዓሣ እንደ ወተት ቶሎ የሚበላሽ ሸቀጥ ነው። መኪና በሌለበት ዘመን የዓሣ ገበያ የአንድ ቀን የእግር መንገድ ያህል ነበር፤ ከመንገዱ በኋላ ደሴ የአንድ ሰዓት ጎረቤት ሆነች። ግን ገበያው ሲዘጋጅ ገና የሚሸጥ ዓሣ አልነበረም።

1962 ዓ.ም.፦ የጠራው ውኃ መዝገብ

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ባክስተርና ባልደረባው ጎሎቢትሽ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ሐይቁ ውኃ አጭር ጽሑፍ አሳተሙ። ጽሑፉ አጭር ቢሆንም ዋጋው ትልቅ ነው፤ ሐይቁ ቀረሶ ሳይገባበት ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ከምንደገፍባቸው ጥቂት ምስክሮች አንዱ ነውና። በዚያ ዘመን ውኃው ጥርት ያለ፣ አልጌው ጥቂት፣ ለምግብ ድኃ ለውበት ሀብታም ሐይቅ ነበር።

ንጹሕ ውኃ ያለ ምክንያት ንጹሕ አይሆንም። ላይኛው ንብር ላይ ዳፍኒያን የመሰሉ ለዓይን የሚያዳግቱ ጥቃቅን እንስሳት ይንሳፈፋሉ። ሥራቸው ውኃውን እያጣሩ አልጌ መብላት ነው፤ እነርሱ ከበዙ አልጌው ይመነምናል፣ ውኃው ይጠራል። እነዚህን የሚበላ ብዙ ዓሣ ከገባ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። ይህ ሒሳብ ሐይቅ ላይ ማንም አስቦበት ሳይሆን በአጋጣሚ ተሠራ።

1970 ዓ.ም.፦ ቀረሶ ገባ

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ረኃብ ዓለምን አስደነገጠ። ከዚያ አብዮቱ ፈነዳ፣ የመሬት አዋጅ ታወጀ፣ መንግሥት በየአቅጣጫው የምግብ ምንጭ ፈለገ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ከአምባዛና ከጋራ በቀር ሌላ ዓሣ ያልነበረበት ሐይቅ ቀረሶ ተጨመረበት። ሳይንሱ የናይል ቲላፒያ ይለዋል። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን የታወቀ፣ ቶሎ የሚራባ፣ ጣፋጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርፊት ያለው ዓሣ ነው። አምባዛን የሚጸየፈው ሰው ቀረሶን ያለ ማመንታት ይበላል።

ውሳኔውን ዛሬ ላይ ቁጭ ብሎ መኮነን ቀላል ነው። እኔ አልኮንነውም። ከረኃብ በኋላ ባዶ የሚመስል ሐይቅ ሲያይ ዓሣ ልጨምርበት የማይል ባለሙያ አይገኝም። በዚያ ዘመን በምሥራቅ አፍሪካ እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ የናይል ፐርች እንዲሁ ተጨምሮ ውጤቱ ለብዙዎቹ የሐይቁ ትናንሽ ዓሣዎች ሞት ሆኗል። ስህተት የምለው ሌላ ነው፦ ዓሣው ገባ እንጂ ማን እንደሚያጠምደው፣ በምን መረብ፣ በየትኛው ወር የሚል ሕግ አብሮት አልገባም። ያ ሕግ የመጣው ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ ነው።

ቀረሶ ለሐይቁ ፍጹም የሆነ እንግዳ ነበር። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ አሸዋውን ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ታሳድጋለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣ ወደ እናታቸው አፍ ይሸሻሉ። እንዲህ እናት የምትጠብቀው ልጅ በብዛት ስለሚተርፍ ዓሣው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሐይቁን ሞላው። በአካባቢው ሽማግሌዎች ዘንድ «ያኔ ዓሣው» የሚባለው የዚያን ጊዜ ዓሣ ነው፤ ሳይጠመድ ያደገ የመጀመሪያ ትውልድ።

ከ1980 እስከ 1985 ዓ.ም.፦ ውኃው አረንጓዴ ሆነ

ከዚያ በኋላ የሆነውን በግልጽ የመዘገቡት ኢትዮጵያውያን ሳይንቲስቶች ናቸው። ኤልሳቤጥ ከበደ፣ ጌታቸው ተፈራና ዝናቡ ገብረ ማርያም ከውጭ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት ሐይቁ ከጥራት ወደ አልጌ ሙላት እንደ ተለወጠ አሳዩ። ምክንያቱን ሲያብራሩም ጣታቸውን ቀረሶ ላይ ቀሰሩ። አዲሱ ዓሣ አልጌ የሚበሉትን ጥቃቅን እንስሳት ስላመናመነ አልጌው ያለ ከልካይ በዛ፣ ውኃውም ጥራቱን አጣ የሚል ነበር መልሳቸው።

ይህ በዓለም ሥነ ምኅዳር ሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ክስተት ነው፤ ከላይ ያለ አንድ አዳኝ ሲገባ ወይም ሲወጣ ውጤቱ እርከን በእርከን እስከ ታች ይወርዳል። ሐይቅ ላይ ግልጽ ሆኖ የታየው የውኃው ድኅነት ስለ ረዳ ነው። ዘር በበዛበት ሐይቅ አንዱ ሲቀነስ ሌላው ቦታውን ይሸፍንለታል። ሐይቅ ውስጥ የሚሸፍን ስላልነበረ አንድ ዓሣ መጥቶ የውኃውን ቀለም ለወጠ።

እርግጥ ቀረሶ ብቻውን አልነበረም። ዳርቻው ድረስ ወርዶ የሚታረሰው መሬት ደለልና ማዳበሪያ ያፈስሳል፤ ለአልጌ ያ ምግብ ነው። የትኛው ምክንያት ስንት እጅ አለው የሚለው ክርክር አላለቀም። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ተጠያቂ የሚያደርግ ሰው ግን የተሳሳተ ይመስለኛል።

ከ1985 እስከ 2000 ዓ.ም.፦ የመረቡ ዓይን ሲጠብ

ዓሣው እንደ ተባዛ አጥማጁም ተባዛ። ደርግ ወድቆ ገበያው ሲለቀቅ፣ የደሴ ሆቴሎችና የመንገድ ዳር ምግብ ቤቶች ሲበዙ፣ መሬት የሌለው ወጣት ወደ ውኃው ወረደ። አጥማጆች በማኅበር ተደራጁ፤ ከማኅበሩ ውጭም በየሌሊቱ መረብ የሚዘረጋ አልጠፋም። ሐይቁ አጥር የለውም፤ ዛሬ ያላጠመድከውን ነገ ሌላው ያጠምደዋል። እዚህ ላይ አጥማጁን ስስታም ማለት ስህተት ነው። ብቻውን «ትንንሾቹን ልተው» ብሎ የሚወስን ሰው ለጎረቤቱ ያስቀምጥለታል እንጂ ለራሱ አይጠቀምም።

ከመጠን በላይ የማጥመድ ሂደት በየትም ቦታ አንድ ነው። መጀመሪያ ትላልቆቹ ያልቃሉ። የሚያዘው ሲያንስ አጥማጁ የመረቡን ዓይን ያጠባል፤ ያን ጊዜ ያልወለደው ዓሣ ይያዛል። ያልወለደው ሲያዝ የሚተካ ይጠፋል፤ የሚያዘው እንደገና ያንሳል፤ መረቡም እንደገና ይጠባል። በዚህ ላይ ሞኖፊላመንት የተባለው ከነጠላ የናይለን ክር የሚሠራው መረብ መጣ። ዋጋው ርካሽ፣ በውኃ ውስጥ የማይታይ፣ ብዙ የሚይዝ ነው። ሲበጠስ ደግሞ ሳይበሰብስ ውኃ ውስጥ ይቀራል፤ ባለቤቱ ከሄደም በኋላ ያጠምዳል።

ማስጠንቀቂያው ከቅርብ ጎረቤት ነበር። ጣና ላይ በ1978 ዓ.ም. ገደማ የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ የሚያቀርብ ፕሮጀክት ተጀመረ። የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ለመራባት ወደ ወንዞች አፍ ሲሰበሰቡ መረቡም እዚያው ጠበቃቸው። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ባለው አሥር ዓመት ያህል ጊዜ የእነዚህ ዓሣዎች ቁጥር 75 በመቶ ያህል መውደቁን ተመራማሪዎች መዘገቡ። ካናዳ እንኳን በሳይንቲስቶቿና በባሕር ጠባቂዎቿ ብዛት የኒውፋውንድላንድን ኮድ ዓሣ ማትረፍ አቅቷት እ.ኤ.አ. በ1992 ማጥመዱን ዘግታለች።

ሕጉ የመጣው በዚህ መሐል ነው። የፌዴራሉ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ወጣ፤ የአማራ ክልልም ተከትሎ አዋጅ ቁጥር 92/1996ን አወጣ። ፈቃድ፣ የመረብ መጠን፣ የመራቢያ ወቅትና ቦታ ጥበቃ ሁሉም ተጻፈ። ቀረሶ ሐይቅ ከገባ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር፤ ጠባቡ መረብም ቀድሞ ገብቷል። ወረቀቱን ወደ ጀልባ የሚያወርድ ሰውና በጀት ግን ሁልጊዜ ጎደለ።

ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ፦ ጥቃቅኖቹ ተመለሱ

ታደሰ ፈታሂ፣ ስዩም መንግሥቱና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2007 እስከ ጥር 2009 ድረስ ከሐይቁ በተከታታይ ናሙና ወሰዱ። ካገኟቸው ጥቃቅን እንስሳት መካከል አንዷ ዳፍኒያ ነበረች፤ አልጌ በላተኛዋ።

ይህ ደስ የሚያሰኝ ዜና ይመስላል። እኔ ግን እንደ መርዶም አነበዋለሁ። ጥቃቅን እንስሳቱን የሚበላው ዓሣ ሐይቁን ሞልቶ ቢሆን ኖሮ እነርሱ እንደገና መታየት አይችሉም ነበር። የቀረሶ መመናመን መጀመሪያ የታየው ገበያ ላይ ሳይሆን በአጉሊ መነጽር ሥር ነው ማለት እችላለሁ። ሐይቁ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፦ አንድ ጊዜ ቀረሶ ሲጨመርበት፣ አንድ ጊዜ ቀረሶ ሲወሰድበት። በሁለቱም ጊዜ ማንም ሐይቁን አልጠየቀውም።

በዚህ መካከል ሁለተኛ እንግዳ ገባ፤ ካርፕ። ከውጭ ወደ አገራችን የመጣ፣ መሬት መሬቱን እየቆፈረ የሚበላ፣ ጠንካራ ዓሣ ነው። ሥር ሲቆፍር ደለሉን ያነሳል፣ የዳርቻውን ሣር ይነቅላል። ያ ዳርቻ ደግሞ ቀረሶ ጎጆ የሚሠራበት ነው። ካርፕ በአጥማጁ መረብ ውስጥ ቦታው እየሰፋ በመሄዱ ተመራማሪዎች መራባቱን ለብቻው አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2020 አሳትመዋል። አጥማጁ አይከፋም፤ ቀረሶ ሲጎድል ካርፕ ገቢውን ይደጉማል። ሐይቁ ግን አንድ ዓሣ በሌላ እየተተካበት ከ1970 ዓ.ም. በፊት ያየው ሰው የማያውቀው ሆኗል።

የቀረሶ ነገር ከጾሙ ጋርም ይገናኛል። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው የቆየ ክርክር ነው፤ ወደዚያ አልገባም። ገበያው ግን የታወቀ ነው፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ሥጋ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ የዓሣ ዋጋ ይወጣል። በሐዋሳ ሐይቅ የተደረገው ጥናት ቀረሶ በብዛት የሚራባው ከጥር እስከ መጋቢትና ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ወራት መሆኑን አሳይቷል። ሁለቱን ወቅቶች ከዐቢይ ጾምና ከፍልሰታ ጋር ስታስተያዩት መረቡ በብዛት የሚወርደው ሴቷ እንቁላል በአፏ በያዘችበት ጊዜ ሊሆን እንደሚችል ትረዳላችሁ። አንዲት እናት ስትያዝ አፏ ውስጥ ያሉት ሁሉ አብረዋት ይሄዳሉ።

በላይኛው ዳርቻ በኩል ደግሞ ጫትና አትክልት በመስኖ እየለማ ነው፤ ፓምፑ ውኃ ይስባል፣ መሬቱ ደለልና ማዳበሪያ ይመልሳል። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰሜኑ ጦርነት ሐይቅ ከተማ ሲደርስ ዓሣ ጥበቃ የማንም ጉዳይ አልነበረም፤ ሊሆንም አይችልም። ከዚያ በኋላም ሕጉ እንደ ተጻፈ ነው፣ መረቡም እንደ ጠበበ ነው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አዲስ ሳይንስ የሚጠይቅ ነገር የለም። የመረቡን ዓይን በማስመሪያ መለካት፣ ሞኖፊላመንት ገበያ ላይ እንዳይሸጥ መከልከል፣ ዳርቻውን በሚራባበት ወራት መዝጋትና አጥማጁ በዚያ ወቅት የሚኖርበትን መደጎም ከወረዳው አቅም በላይ አይደለም። ማኅበራቱ ሐይቁ የእነርሱ መሆኑ በሕግ ከተረጋገጠላቸው ከማንም ጠባቂ ይበልጣሉ። ለበላተኛውም የሚቀር ድርሻ አለ። ሐይቅ ከተማ ላይ ቆማችሁ ከመዳፍ የማይበልጥ ቀረሶ በሳህን ሙሉ ሲቀርብላችሁ፣ እባካችሁ «ይህን አልፈልግም፣ ትልቅ አምጡ» በሉ።